አርባ ሱሪ እና አንድ ይቅርታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ወጪዬን ልመዘግብበት ነበር። ሦስት ገጽ ከሄድኩ በኋላ ቁጥሩን ሳየው አፈርኩና ገጾቹን ገንጥዬ ጣልኳቸው። ደብተሩ ግን ጥሩ ደብተር ነው። እንዲሁ ከሚቀመጥ የሆዴን ልጻፍበት።

ዛሬም አረፈድኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝቼ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የነቃሁት ልጄ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነው። አስር ሰዓት ሙሉ ተኝቶ፣ ሲደበደብ እንዳደረ ሰው መነሳት ምን የሚሉት በሽታ ነው? አፌ ደርቋል፤ ጭንቅላቴ የተዋስኩት ጭንቅላት ይመስለኛል። አውቶቡሱ አመለጠኝና ታክሲ ያዝኩ። ባለፈው ሳምንት አራት ጊዜ ነው የያዝኩት።

የምሠራው የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ነው፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የነርስ። አስራ አንድ ሰዎች ነን። እኔ ቆራጭ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቀስ ይዣለሁ።

ጠዋት ቁልፍ የሚተክሉት ሰውዬ ላይ ጮህኩባቸው። ጥፋታቸው ወንበራቸውን መንገዴ ላይ ማስቀመጣቸው ነበር። «ዓይን የለህም እንዴ?» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አባቴ ለመሆን ምንም የማይቀራቸውን ሰው አንተ አልኳቸው። ደነገጡና ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

በምሳ ሰዓት ምሳ ገዛሁላቸው። እሳቸውን ብቻ ጋብዤ ሌላው እንዳይከፋው ለሁሉም ገዛሁ። ለአስር ሰው። ይቅርታ ግን አላልኩም። ምሳው ይናገርልኝ ብዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ባለቤቴ ገባ። የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ዘጠኝ አስር ቀን ይሄድና ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ራቱን በላ፣ ከልጁ ጋር ተሳሳቀ፣ ከዚያ ፍራሽ ጎትቶ ሳሎን አነጠፈ።

«ወገቤ ነው» አለ። «አልጋው አልስማማኝ አለ።»

ይኼ ሰውዬ ወገቡን የሚያመው እኔ ያለሁበት አልጋ ላይ ብቻ ነው። ልጄም ካለፈው ወር ጀምሮ ወጥ ቤት ነው የምትተኛው። «ለጥናት ይመቸኛል» ትላለች። በሽንኩርትና በጋዝ ሲሊንደር መሀል ምን የሚሉት ጥናት ነው? ቤቱ ሦስት ሰው ነው ያለው፤ ሁለቱ ሸሹኝ።

ብቻዬን ተጋድሜ በስልክ የሚሸጥ ዕቃ ሳይ አመሸሁ። ለልጄ ጫማ አዘዝኩ። ጫማ አላት። ጫማውን ስታይ ወደ ክፍላችን ትመለሳለች ብዬ ይሆን? እንጃ።

ባለቤቴ እንደ ልማዱ «የልጅቷ ገንዘብ እንዴት ነው?» አለኝ። ለኮሌጅ መግቢያዋ ብለን ሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ነው፤ የባንክ ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው።

«ደህና ነው» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጥድፊያ ላይ ነኝ። የሆስፒታሉ ሥራ መጣ። ሰማንያ ሱሪ፣ ሰማንያ ሸሚዝ። ልኬቱን ሆስፒታል ሄዳ ወስዳ ወረቀት ላይ የጻፈችው ቀጭኔ ናት። (ዘምዛሚያችን ናት፤ የጨርቁን ጠርዝ በማሽን የምትዘጋ። ስሙን ቁመቷ ነው ያወጣላት፤ እሷም አትቆጣበትም። ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድጋለች።) ሱሪውን ቆርጬ ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ ቆሜ ያንቀላፋሁ መሰለኝ። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣሁ፣ ለመንቃት። ብቻ አለቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የቅዳሜው ሱሪ ጉድ አመጣ።

እኛ ዘንድ ጨርቅ አንድ አንድ አይቆረጥም። ሃያ ሃያ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ከላይ የልኬቱ ካርቶን ይቀመጣል፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫው አንዴ ከገባ ሃያውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ቤት ስህተት አንድ ብቻ ሆና አታውቅም።

ዛሬ ሰፊዎቹ ቁራጮቹን ሲለዩ ስልሳው ትንሽ፣ ሃያው ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታሉ የፈለገው ተገላቢጦሹን ነው። አርባ ሱሪ ከንቱ ቀረ። ትልቅን ማሳነስ ይቻላል፤ ትንሽን የሚያሰፋ መቀስ ገና አልተሠራም።

አሠሪያችን ጋሼ ከቢሯቸው ወጡ። አይጮሁም። ድምፃቸው ሲቀንስ ነው የሚያስፈሩት።

«ማነው ትንሽ ስልሳ ያለው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስር ሰው።

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንደዛ ነው» አልኩ።

ቀጭኔ ከማሽኗ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ትልቅ ስልሳ ብዬ ነው የጻፍኩት። አብረን ነው ያየነው እኮ። ትዝ ይልሻል አይደል? ንገሪያቸው እንጂ።»

ዝም አልኩ።

«ወረቀቱ የታለ?» አሉ ጋሼ። ተፈለገ። ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ማዳበሪያ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ። የለም። እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬ ፈለግሁ።

ወረቀት መቼም ይጠፋል። ወረቀት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለቀጭኔ ሻርፕ ገዛሁላት። ውድ ነው። «ለምንድነው?» አለችኝ። «ብርድ ነው» አልኳት። ብርድ አልነበረም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ተወሰነ። የጨርቁን ኪሳራ ግማሹን ጋሼ ይችላሉ፤ ግማሹ ከቀጭኔ ደሞዝ ይቆረጣል፣ በየወሩ ሩብ ሩቡን፣ ለአራት ወር። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ከመወሰናቸው በፊት ጠርተው ጠየቁኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ከማንም በላይ የማምንሽ አንቺን ነው።»

«እርስዎ እንዳሉ» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ከቢሮው ስወጣ ቁልፍ ተካዩ ሰውዬ በካውያ ከሚሠራው ተኳሽ ጋር ያወራሉ፤ የእንፋሎቱ ድምፅ ስላለ መምጣቴን አልሰሙም።

«ድሮ እንዲህ አልነበረችም» ይላሉ። «የዚህ ቤት ሳቅ ከሷ ጠረጴዛ ነበር የሚነሳው። አሁን ግን ምላጭ ሆናለች።»

«ይሁና» አለ ተኳሹ። «በጮኸች ቁጥር ምሳ አለ። እኔ እንዲያውም ሆዴ ሲጮህ ወንበሬን መንገዷ ላይ ላደርገው አስባለሁ።»

ሳቁ። ተመልሼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ውኃ ከፍቼ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ባንክ ሄድኩ። ትንሽ ላወጣ ነበር፤ ትናንት ልጄ ላይ ሰሃን በመስበሯ አበድኩባትና ዛሬ ስልኳን ልቀይርላት ቃል ገባሁ። ገንዘብ ከፋይዋ ደብተሩን አትማ ስትመልስልኝ ቀሪውን አየሁት። ቁጥሩን ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። አወጣለሁ እንጂ አላይም ነበር።

ከግማሽ በታች ነው።

ሌባ ገብቶ ቢሆን በተሻለኝ፤ ለፖሊስ የምናገረው ነገር ይኖረኝ ነበር። የኔ ሌባ ግን በታክሲ የሚሄድ፣ ሰው ከሰደበ በኋላ ምሳ የሚጋብዝ፣ ሲያንቀላፋ ለስላሳ የሚጠጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲረብሸው በስልክ የጁስ መፍጫ የሚያዝ ሌባ ነው። መፍጫው እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። አንዱም ትልቅ ወጪ አይደለም። ትልቅ ቢሆንማ እፈራው ነበር።

ስልኩን ገዛሁላት። ቃል ገብቼ የለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቀጭኔ ሥራ ለቀቀች። የመጀመሪያው ሩብ ተቆርጦ ደሞዟን በተቀበለች ማግስት ነው። የማሽኗን መብራት አጠፋች፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቀለለች፣ እያንዳንዱን ሰው ተሰናበተች። እኔ ጋ ስትደርስ ሻርፑን አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና ዋይ እትዬ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

የዘምዛሚ ወንበር ባዶ ሲሆን ቤቱ እንዴት ጸጥ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ጣቴን ላጣ ነበር። መቁረጫው እየሮጠ ዓይኔ ተከደነ፤ ለስንት ሴኮንድ እንደሆነ አላውቅም። የነቃሁት ቁልፍ ተካዩ ሰውዬ ሶኬቱን ሲነቅሉት ነው። የቀኝ ጓንቴ ጫፍ ተቆርጧል። ጓንቱ ብቻ።

«ቤትሽ ሂጂ፣ ልጄ» አሉኝ። አንተ ያልኳቸው ሰውዬ።

ልጄ ቀድሜ መግባቴን አይታ ደነገጠች። ጓንቱን አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና አዲሱን ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ። እንዳትቆጪኝ።»

ድምፅ ነው። መጀመሪያ የእንጨት መሰንጠቂያ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ምንም የለም። ልጄ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ የሰመጠ ሰው ከውኃ ብቅ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ እንጨት መሰንጠቁ ቀጠለ።

«ምንድነው ይኼ?»

«አንቺ ነሽ» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴት ልጅ እንዲህ ታንኮራፋለች? ጎረቤቱስ? በቀጭን ግድግዳ የሚለዩን ጎረቤቶች በየጠዋቱ ሰላም ሲሉኝ ፈገግ የሚሉት...

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ አትንገሪያት አለኝ። ታፍራለች አለ። እሱም ወገቡን አሞት አያውቅም። ግን እማዬ፣ ማንኮራፋቱ አይደለም እኔን ያስፈራኝ። ዝም ስትይ ነው። ወጥ ቤት የገባሁት ላለመስማት አይደለም። መብራት አብርቼ እንዳልተኛ ነው፤ ዝም ስትይ ተነስቼ ልነቀንቅሽ፣ በየሌሊቱ... ፈተናዬን ወደቅሁ እማዬ።»

የወደቀችበትን ፈተና አላውቅም ነበር። ጫማ ገዛሁላት፤ ስልክ ገዛሁላት። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጤና ጣቢያ ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የልጄን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፣ አልሳቀችም። አንገቴን ለካች፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ ክብደቴን ለካች። ሰው ስለካ ኖሬ እኔ ስለካ ያሳፍራል ለካ።

«ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል» አለችኝ። «አየር ሲያጥርዎ አእምሮዎ ይቀሰቅስዎታል፤ እርስዎ ግን መንቃትዎን አያውቁትም። አስር ሰዓት ተኛሁ የሚሉት ተቆራርጦ ያለቀ ጨርቅ ነው ማለት ነው።»

ቆራጭ መሆኔን ነግሬያት ነበር።

ለሙሉ ምርመራ ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ ጻፈችልኝ፤ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያው በጎኔ እንድተኛ፣ ራት በጊዜ እንድበላ፣ ክብደት እንድቀንስ፣ ከጎረቤት ተቀብዬ አንዳንዴ የምውጠውን የእንቅልፍ ክኒን እንድጥል፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንድተኛና እንድነሳ፣ ስልኬን ከአልጋዬ እንዳርቅ ነገረችኝ። እስኪሻለኝ መቁረጫውን ሌላ ሰው ይያዘው አለች።

«ጠባዬም ተለውጧል» አልኳት ቀስ ብዬ። «ቁጡ ሆኛለሁ። ገንዘብም አላውቅበትም። እሱም ከዚህ ነው?»

ከዚህ ነው እንድትለኝ እንዴት እንደፈለግሁ! ዶክተር ፈርማበት ለሰው ሁሉ የማሳየው ወረቀት።

«ያልተኛ ሰው ይቆጣል፤ ያገኘውን ይገዛል፤ ይሳሳታል» አለች። «እንቅልፉ ሲስተካከል ብዙው ይቀልዎታል። ሁሉንም ግን ለእንቅልፍ አይስጡት። የቀረውን እርስዎ ይለማመዱታል።»

እሁድ፣ ኅዳር 7

የሌሊት ልብሴ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፋሁ፤ ውስጡ ትንሽ ኳስ ገባበት። በጀርባዬ ልንጋለል ስል ኳሱ ይወጋኛል፣ ወደ ጎኔ እመለሳለሁ። ልጄ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልብስ ሠርቼ ለራሴ የሰፋሁት የመጀመሪያ ልብስ ግመል አስመሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከኳሱ ጋር ስታገል አደርኩ። ትናንት ግን ልጄ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነቀነቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ሳትቀሰቅሰኝ ነቃሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ነበር። አፌ አልደረቀም። አውቶቡሱ እኔን ሳይሆን እኔ አውቶቡሱን ጠበቅሁት።

መቁረጫውን ተኳሹ ይዞታል፤ እኔ አነጥፋለሁ፣ ካርቶን አስቀምጣለሁ። ለጋሼ የነገርኳቸው ጓንቱን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ተኳሹ ጠርዝ አጣመመ። ምላሴ ላይ ስድቡ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት ማለት አልችልም፣ ግማሹ አምልጦኛል። ከዚያ እንደ ልማዴ እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ፤ ምን ልግዛለት እያልኩ። ዶክተሯ ይለማመዱታል ያለችኝ ይኼኔ ትዝ አለኝ። ወደ እሱ ሄድኩና «ይቅርታ፣ አጉል ተናገርኩህ» አልኩት። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ቀና ብሎ አየኝ። «አሞሻል እንዴ?» አለኝ።

በነፃ ነው ለካ። ምንም አያስወጣም። ለካ ምሳ እጋብዝ የነበረው ይቺ ቃል ከምሳ ስለምትከብደኝ ነው።

ከተኛሁ ወዲህ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ድሮ ድካሙ ሁሉን ነገር እንደ ጭጋግ ይሸፍንልኝ ነበር። አሁን ጠዋት ስነቃ ጭንቅላቴ ጥርት ይላል፤ የመጀመሪያዋ የምትታየኝም ቀጭኔ ናት፣ ከማሽኗ ብድግ ብላ «ንገሪያቸው እንጂ» ስትል።

ወረቀቱ አልጠፋም። በዚያን ቀን ጠዋት፣ ስህተቱ ገና ሲወራ፣ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ የሽርጥ ኪሴ ከተትኩት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚሁ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ተጣጥፎ አለ። በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ ትልቅ ስልሳ፣ ትንሽ ሃያ። ራሴን እንኳ ለማታለል ነው ጠፋ ብዬ የጻፍኩት። ማን ሊያነበው!

ሱሪውን የቆረጥኩ ቀን ቆሜ አንቀላፍቼ ነበር፤ እሱ የእንቅልፍ ጥፋት ነው። ወረቀቱን ኪሴ ስከት ግን ነቅቼ ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 21

ባለቤቴ ትናንት ገባ። ሌሊቱን አልጋው ላይ አደረ፤ ኳሴን አይቶ «ሁለት ሆናችሁ ጠበቃችሁኝ» አለ። ጠዋት የባንክ ደብተሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። ከማብራራት በፊት «ይቅርታ» አልኩ፣ ከዚያ የሱሪውንም ጨምሬ ሁሉንም ነገርኩት።

ቁጥሩን ደጋግሞ አየው።

«እኔም ዋሽቼሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወገቤን ብዬ። ሳሎን ተኝቼ ስትታፈኚ እየሰማሁ፣ እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ። ብትሞቺስ?» ከዚያ ግን ደብተሩን አንስቶ ኪሱ ከተተው። «ይኼ ለጊዜው እኔ ጋ ይሁን።»

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ቢሯቸው ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

«እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር» አሉ። «አንቺን ነበር የጠየቅሁት።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንቅልፍ ነው፣ በሽታ ነው፣ ብትዪኝ ይገባኛል። ሰው ይታመማል። ይኼ ግን...» ወረቀቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። አልጨረሱትም።

የጨርቁን ግማሽ ኪሳራ እኔ እከፍላለሁ፣ በአራት ወር። ከቀጭኔ የተቆረጠው ሩብ ይመለስላታል። ፖስታ ውስጥ ከተው ሰጡኝ። «አንቺው ውሰጂላት» አሉ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ይህን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ተቀበሉኝ። በኔ ሲኮሩ የማውቀው ፊታቸው ግን ዛሬ አልነበረም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ፖስታው አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አስራ አንድ ቀን። ነገ እያልኩ።

ታክሲ ከያዝኩ አራት ሳምንት ሆነኝ። ምሳ ከቤት እወስዳለሁ። ስልኬ ሳሎን ያድራል፤ ሌሊት የሚያዝ ነገር የለም። መፍጫውን ከነካርቶኑ ሸጥኩት። ከደሞዜ ተቆርጦ እንኳ፣ ባለቤቴ ዛሬ ለልጅቷ ደብተር የሚገባ ነገር ተርፎናል ሲለኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ወደ ታች አይደለም የሄደችው። ልጄም ወደ ክፍላችን ተመልሳለች። ፈተናውን በድጋሚ ትወስዳለች።

ኑሮዬ ይስተካከላል። የኔ። ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሄድኩ። የቀጭኔን አድራሻ የሰጡኝ ቁልፍ ተካዩ ሰውዬ ናቸው። መንገድ ላይ ለልጆቿ መጫወቻ አንስቼ ሂሳብ መክፈያው ጋ ደረስኩና መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ባዶ እጄን መሄድ እንዲህ ይከብዳል አላልኩም።

አንድ መጋረጃ ሰፊ ዘንድ ነው የምትሠራው፤ የመንገድ ትቢያ የማይለየው ጠባብ ክፍል ውስጥ። በሜትር ነው የሚከፈላት። ሌሎች ስፌት ቤቶች አልወሰዷትም፤ «ልኬት ታሳስታለች» የሚለው ወሬ ቀድሟት ደርሷል። ይህን የነገረችኝ ማሽኗን ሳታቆም ነው።

«ወረቀቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ትልቅ ስልሳ ብለሽ ነበር የጻፍሽው። ለጋሼ ነግሬያቸው የተቆረጠብሽን መልሰዋል። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጉሮሮዬ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነበር። አልተናገርኩትም።

ማሽኑን አቆመች። ፖስታውን ከፈተች፣ ቆጠረች፣ ቦርሳዋ ከተተች።

«ገንዘቡ የኔ ነው፤ ተቀብያለሁ» አለች። «ሌላውን አልተቀበልኩም። ለጋሼ የነገሯቸው የት ነው?»

«ቢሯቸው ውስጥ።»

«በር ዘግተው?»

«አዎ» አልኩ።

«የኔ ስም የጠፋው ቢሮ ውስጥ አይደለም። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። አስር ሰው ፊት ስምዎን ጠርቼ ንገሪያቸው ስል ዝም አሉኝ። ይቅርታ ከፈለጉ መጀመሪያ እዚያው፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ይናገሩ።»

እትዬ አላለችኝም። አንቺ ስትለኝ የኖረችው ቀጭኔ፣ እርስዎ አለችኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ጠዋት ማሽኖቹ ሳይነሱ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ። ጋሼም ወጡ።

«የሆስፒታሉን ሱሪ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀጭኔ በትክክል ጽፋ ነበር። ወረቀቱን ደብቄ አብሬያችሁ ፈለግሁ። በሷ ላይ የወጣው ወሬ ውሸት ነው። የሥራ ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ይህን ለሰው ሁሉ ንገሩልኝ።»

ይቀልዱብኛል ብዬ ነበር፤ ቢቀልዱ በተሻለኝ። ተኳሹ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ማንሳት ረስቶ ጨርቁ ሸተተ። ቁልፍ ተካዩ ሰውዬ መሬት መሬት እያዩ «ያቺን ልጅ እኛም ዝም ብለን ነው ያየናት» አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ማሽኑ ዞረ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ዓይኔን አላየኝም።

ማታ ደወልኩላት። ልጆቿን እያስተኛች ነበር፤ አንዱ ያስላል።

«ዛሬ ተናገርኩ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። አራት ሰው ደውሎልኛል። ጋሼም ደውለዋል።»

«ትመለሻለሽ?»

«አላውቅም። አስባለሁ።» ልጁ እንደገና አሳለ፤ ስታባብለው ሰማሁ። ስልኩን የዘጋችው መሰለኝ፤ ግን አልዘጋችውም ነበር።

«ደህና ይደሩ» አለችኝ።